በእንግሊዝኛ የቀለም ቃላት የቃል ክፍል

በእንግሊዝኛ ቀለምን የሚሰይሙ ቃላት እንደ አገባባቸው ቅጽል፣ ስም ወይም ግሥ ይሆናሉ። «ሬድ ካር» ሲባል «ሬድ» የመኪናው ቅጽል ነው፤ «አይ ላይክ ሬድ» ሲባል ደግሞ ያው ቃል ምንም ሳይጨመርበት ስም ሆኖ የተሳቢውን ቦታ ይይዛል። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት ለእንግሊዝኛ 11 መሠረታዊ የቀለም ቃላት ቆጥረዋል። ሁሉም ከቅጽልነት ወደ ስምነት እንዲሁ በቀላሉ ይሻገራሉ።

ስሙን ከቅጽሉ ለመለየት አስተማማኙ መንገድ ከፊቱ የቆመውን ገላጭ ማየት ነው። «ዘ ዲፕ ሬድ ኦቭ ዘ ስካይ» በሚለው ሐረግ ገላጩ «ዲፕ» ቅጽል ስለሆነ «ሬድ» ስም ነው። «ዲፕሊ ሬድ» ከተባለ ግን ገላጩ ተውሳከ ግሥ ነውና «ሬድ» ቅጽል ይሆናል። ቅጽሉ «ሬደር»፣ «ሬደስት» እየተባለ ይበላለጣል፤ ስሙ በብዙ ቁጥር ይረባል። በስኑከር ጨዋታ 15ቱ ቀይ ኳሶች «ሬድስ» ናቸው፤ «ግሪንስ» ደግሞ ጎመንና መሰሎቹ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግሡ ነው። «ሬደን»፣ «ብላከን» እና «ዋይተን» የሚሉት ግሦች ከቀይ፣ ከጥቁርና ከነጭ በመጨረሻ ቅጥያ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ቅርጽ መቅላትንም ማቅላትንም ይገልጻል፤ አማርኛ «ቀላ» እና «አቀላ» ብሎ የሚለየውን እንግሊዝኛ ለአገባቡ ይተወዋል። አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫና ቢጫ ግን ይህን ቅጥያ አይቀበሉም። ምክንያቱ የቃላቱ ዕድሜ አይደለም፤ «ግሪን» «ማደግ» ከሚለው ግሥ ጋር ሥር የሚጋራ ጥንታዊ ቃል ነውና። ምክንያቱ ድምፅ ነው። ቅጥያው የሚፈልገው ባለ አንድ ክፍለ ቃል (ሲላብል) ቃል ሆኖ መጨረሻው አየርን በሚያግድ ወይም በሚያፍን ተነባቢ የሚዘጋ ነው፤ «ሃርደን» (ጠነከረ፣ አጠነከረ) እና «ዲፐን» (ጠለቀ፣ አጠለቀ) የተገኙትም በዚሁ ሕግ ነው። «ግሪን» እና «ብራውን» በአፍንጫ ድምፅ፣ «ብሉ» እና «ግሬይ» በአናባቢ ስለሚያልቁ ውጭ ቀርተዋል።

ቅጥያ የተነፈጋቸው እንዳሉ ግሥ ይሆናሉ። ሽንኩርት ሲቁላላ «ብራውን» ይደረጋል፣ ያረጀ ወረቀት «የሎው» ያደርጋል፣ የሚሸብት ፀጉር «ግሬይ» ያደርጋል። ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ አማርኛ «ወየበ» እና «ሸበተ» የሚሉ የራሱ ግሦች አሉት። ለጥቁር፣ ለነጭና ለቀይም «ጠቆረ»፣ «ነጣ»፣ «ቀላ» ይላል፤ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ጋር ግን «ሆነ» የሚለውን ግሥ ያመጣል። በሁለቱ ቋንቋዎች እነዚያው ሦስት ቀለሞች ተለይተው መውጣታቸው፣ የእንግሊዝኛው ሰበብ ድምፅ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው።

ጉዞው ከስም የተነሣባቸውም አሉ። «ኦሬንጅ» መጀመሪያ ፍሬው ነበር፤ ለቀለም መጠሪያነት የዋለው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። «ፒንክ» የአበባ ስም ነበር። አማርኛ ቡናን «ቡናማ»፣ ሰማይን «ሰማያዊ» ለማድረግ ቅጥያ ሲጨምር፣ እንግሊዝኛ ስሙን እንዳለ ቅጽል ያደርገዋል።

ቅጽሎች ሲደረደሩ መጠን ከቀለም፣ ቀለምም ከትውልድ አገር ይቀድማል፦ «ቢግ ሬድ ኢታሊያን ካር»።

ቀለሙ ከስም ጋር ተዋህዶ አንድ ቃል ሲሆን ቅጽልነቱን ያጣል፤ ይህንንም የድምፅ ጫናው ያሳውቃል። «ብላክ በርድ» ጫናው በሁለተኛው ቃል ላይ ሲያርፍ ማንኛውም ጥቁር ወፍ ነው፣ ቁራም ቢሆን። ጫናው ወደ መጀመሪያው ሲሸሽ «ብላክበርድ» የአንድ የታወቀ የወፍ ዝርያ ስም ይሆናል፤ «ቬሪ» የሚል ገላጭም ከፊቱ አይገባም። የዚህ ዝርያ ሴቷ ቡናማ ስለሆነች «ብራውን ብላክበርድ» ማለት ፍጹም ትክክል ነው።