ስለ ፓይፕ እና ስለ ፖል የተሳሳቱ አመለካከቶች

በሊኑክስ ሁለት ፕሮግራሞችን በፓይፕ (pipe፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚያነብበት መተላለፊያ) አገናኝቶ የመረጃውን መምጣትና መሄድ በፖል (poll፣ የሚነበብ ወይም የሚጻፍበት ነገር እስኪዘጋጅ የሚጠብቅ ጥሪ) መጠበቅ ቀላል ይመስላል። ፕሮግራሙ ደርቆ የቀረ ወይም ፕሮሰሰሩን ያለ ሥራ ያስጨነቀ ዕለት ግን ከሚከተሉት እምነቶች አንዱ ኮዱ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

«ፖልኢን ካልመጣ ሪድን መጥራት አያስፈልግም።» ፖልኢን (POLLIN) «የሚነበብ መረጃ አለ» የሚል የፖል ምልክት ነው፤ ሪድ (read) ደግሞ የማንበቢያው ጥሪ። ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ይህኛው እምነት ነው። የመጻፊያው ጫፍ ተዘግቶ በፓይፑ ውስጥ የቀረ ባይት ከሌለ፣ ሊኑክስ ለአንባቢው ፖልሃፕን (POLLHUP፣ «ሌላኛው ጫፍ ተዘግቷል» የሚል ምልክት) ብቻ ይሰጠዋል፤ ፖልኢን አብሮ አይመጣም። ፖልኢንን ብቻ የሚፈትሽ ሉፕ ምንም ሳያነብ ወደ ፖል ይመለሳል፣ ፖልም ወዲያው ያንኑ ፖልሃፕ ይሰጠዋል፣ ሉፑ ማቆሚያ ያጣል። አልጠየቅሁም ማለት አያድንም፤ ፖልሃፕና ፖልኤር (POLLERR፣ የስህተት ምልክት) ሳይጠሩ የሚመጡ ናቸው። ሴሌክትን (select፣ እንደ ፖል ዝግጁነትን የሚጠብቅ ሌላ ጥሪ) የለመደ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ እዚያ የመረጃው ማብቃት ራሱ «ለንባብ ዝግጁ» ተብሎ ይቆጠራል።

ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄዳል፦ «ፖልሃፕ እንደታየ ፓይፑን መዝጋት ነው።» ጻፊው የመጨረሻ መልእክቱን ልኮ ወዲያው ከወጣ፣ ፖልኢንና ፖልሃፕ በአንድ ላይ ይመጣሉ። ቸኩሎ የዘጋ ያልተነበበውን መረጃ ያጣል። ከሁለቱ አንዱ ሲታይ ሪድን መጥራት፣ መዝጋት ደግሞ ሪድ ዜሮ ሲመልስ ብቻ። ከዚህ የሚቀል ደንብ ያለ አይመስለኝም።

«ልጅ ፕሮሰሱ ከሞተ የመረጃው መጨረሻ ይታወቃል።» የሚታወቀው የመጻፊያው ጫፍ ቅጂዎች በሙሉ ሲዘጉ ነው። ፎርክ (fork፣ ወላጅ ፕሮሰስ ልጅ ፕሮሰስ የሚፈጥርበት ጥሪ) ቅጂዎቹን ያባዛል፤ ወላጁ የራሱን ቅጂ ካልዘጋ፣ በገዛ እጁ የያዘው ጫፍ እስኪዘጋ ሲጠብቅ ይኖራል።

«ፖልአውት ከመጣ የፈለግሁትን ያህል እጽፋለሁ።» ፖልአውት (POLLOUT፣ «መጻፍ ይቻላል» የሚል ምልክት) የሚናገረው በፓይፑ ውስጥ ቦታ መኖሩን እንጂ ቦታው በቂ መሆኑን አይደለም። ሊኑክስ ከ2.6.11 ጀምሮ ለአንድ ፓይፕ የሚመድበው በተለምዶ 65,536 ባይት ነው። 100,000 ባይት በአንድ ጥሪ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ አንባቢው ቦታ እስኪለቅለት ድረስ ታግዶ ይቆማል። አንባቢውም በዚያው ሰዓት በሌላ ፓይፕ ለእርሱው ለመጻፍ ታግዶ ከሆነ፣ ሁለቱ ተፋጠጡ ማለት ነው፤ የሚገላግላቸው የለም። መፍትሔው ፓይፑን በኖንብሎክ (nonblock፣ ቦታ ሲጠፋ ታግዶ ከመቆም ወዲያው የሚመለስ አሠራር) መክፈት፣ ራይት (write፣ የመጻፊያው ጥሪ) ስንት ባይት እንደተቀበለ ማየት እና ቀሪውን ለሚቀጥለው ፖልአውት ማቆየት ነው።

«አንባቢው ከሄደ ራይት ስህተት ይመልስልኛል።» ከዚያ በፊት ሲግፓይፕ (SIGPIPE፣ አንባቢ በሌለው ፓይፕ ላይ ለሚጽፍ የሚላክ ሲግናል) ይደርሳል፤ ካልተያዘ ወይም ችላ እንዲባል ካልተደረገ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ኢፓይፕ የሚባለውን ስህተት የሚያየው ከሲግናሉ የተረፈ ብቻ ነው።

ይህንኑ ኮድ ፖልን በሴሌክት ተክቶ ወደ ዊንዶውስ ለመውሰድ ያሰበም አለ። የዊንዶውስ ሴሌክት የሚቀበለው ሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት ጫፍ) ብቻ ነው፤ ፓይፕ ሲሰጡት ስህተት ይመልሳል።