የሚስተካከል የሸንት ቫልቭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል የአንጎል ፈሳሽ ያመነጫል። መተላለፊያው ሲዘጋ ወይም ፈሳሹ ወደ ደም መመለስ ሲያቅተው የአንጎል ክፍተቶች ይለጠጣሉ፤ ሀይድሮሴፋለስ ይህ ነው። ሸንት ከአንጎል ክፍተት ተነስቶ በቆዳ ሥር እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። ፈሳሹ በስንት ግፊት እንደሚያልፍ የሚወስነው በመንገዱ ላይ ያለው ቫልቭ ነው።

«የሚስተካከል ቫልቭ ራሱን እያየ ይስተካከላል»

አይስተካከልም። ሐኪሙ ማግኔት ባለው መሣሪያ ከቆዳ ውጪ ሆኖ ደረጃውን ይቀይራል። ቀዶ ጥገናም መርፌም የለውም፤ በደቂቃዎች ያልቃል። እስከሚቀጥለው ቅየራ ድረስ ቫልቩ በተሰጠው ደረጃ ይቆያል።

«ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ይሻላል»

ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ እምነት ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ማለት ቫልቩ በትንሽ ግፊት ይከፈታል፣ ብዙ ፈሳሽም ያፈስሳል ማለት ነው። ከልክ ሲያልፍ ታካሚው ሲቆም ራሱን ያመዋል፣ ሲተኛ ይቀልለዋል። አንጎል ከራስ ቅሉ እየሸሸ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊበጠሱና ደም ሊቋጠር ይችላል። ስለዚህ እርምጃቸው የከበደ፣ ሽንት የሚያመልጣቸውና ማስታወስ የተሳናቸው አረጋውያን ሸንት ሲገባላቸው ብዙ ጊዜ ከፍ ካለ ደረጃ ተጀምሮ፣ በየመሃሉ ሳምንታት እየተጠበቀ ቀስ በቀስ ይወርዳል።

ቁጥሩ ራሱም ከአምራች አምራች ይለያያል። ኮድማን ሀኪም የተባለው ቫልቭ ከ30 እስከ 200 ሚሊሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው) በ10 በ10 የሚሄድ 18 ደረጃ አለው። ስትራታ ከ0.5 እስከ 2.5 አምስት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ሰርታስ ከ1 እስከ 8 ይቆጥራል፤ 8 ላይ ቫልቩ ተዘጋ ማለት ይቻላል። «የልጄ ቫልቭ 2 ላይ ነው» ማለት ያለ ቫልቩ ስም ምንም አይነግርም። ስሙና የመጨረሻው ደረጃ የተጻፈበት ካርድ ከታካሚው ኪስ አይለይ።

«ሕመሙ ከተመለሰ ማስተካከል ይበቃል»

የተዘጋ ቱቦ በማስተካከል አይከፈትም። ትውከት፣ ከባድ እንቅልፍ፣ የሚጥል በሽታ፣ በሕፃን ደግሞ የእርግብግቢት ማበጥና ዓይን ወደ ታች መውረድ የድንገተኛ ክፍል ጉዳዮች ናቸው፤ ሲቲ ስካንና የቱቦው ራጅ ይታዘዛል። ትኩሳት ወይም በቱቦው መስመር ላይ መቅላት ካለ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል፤ አብዛኛው የሚከሰተው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ነው። ቤት ውስጥ ቫልቩን በጣት እየጫኑ መፈተሽ አያስተማምንም፤ ይቅር።

«ኤምአርአይ ክልክል ነው፣ ስልክም መያዝ አይቻልም»

ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ) መነሣት ይቻላል፤ ግን አስቀድሞ የቫልቩ ስም ይነገር። ስትራታና ኮድማን ሀኪም በኤምአርአይ ደረጃቸው ሊቀየር ስለሚችል ከመግባት በፊትና ከወጡ በኋላ ይነበባሉ፣ ከተቀየሩም ይመለሳሉ። ፕሮጋቭ፣ ፖላሪስና ሰርታስ ፕላስ እስከ 3 ቴስላ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ) እንዲቋቋሙ የተሠሩ ናቸው። ስልክ መያዝ አይከለከልም፤ ሸንት በሌለበት በኩል ያለውን ጆሮ ይጠቀሙ። የሚያሰጋው ማግኔት ራሱ ነው፦ የጆሮ ማዳመጫ፣ የታብሌት ሽፋን፣ የማግኔት መጫወቻ። ከቫልቩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት።

«የማይስተካከል ቫልቭ የድሃ ሕክምና ነው»

ይህን የሰማ ወላጅ ለልጁ ያነሰ የተደረገ መስሎት ያዝናል፤ ሊያዝን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የኡጋንዳ ጥናት ርካሹን የሕንድ ቫልቭ ቻብራን ከብዙ እጥፍ ውድ ቫልቭ ጋር በሕፃናት ላይ አወዳድሮ በአንድ ዓመት ውስጥ የውጤት ልዩነት አላገኘም። የሚስተካከለው ቫልቭም የሸንትን ዕድሜ በራሱ አያረዝምም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ፈሳሹ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊያስቀር ይችላል።

ያ ጥቅም የሚገኘው ግን የዚያው አምራች ማስተካከያ መሣሪያ በቅርብ ካለ ነው። የአንዱ መሣሪያ የሌላውን ቫልቭ አያነብም። ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል የሚስተካከል ቫልቭ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ትኬት ሳይቆርጥ ይህን ይጠይቅ፦ የእኔን ቫልቭ የሚያነብ መሣሪያ በየትኛው ሆስፒታል አለ?