ከአስር ስንት? በጎጃም ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመምን በቁጥር መናገር

ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሽተኛው የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 ባለ ቁጥር እንዲናገር ይጠየቃል። 0 ምንም ሕመም የለም ማለት ነው፤ 10 ደግሞ ሰው ሊያስበው የሚችለው የመጨረሻው ሕመም። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3 ያለው ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 ጀምሮ ከባድ ተብሎ ይያዛል፤ ማስታገሻውም በዚያው ልክ ይታዘዛል። ሕመም በራጅም በደም ምርመራም አይታይምና ከባለቤቱ ቃል የተሻለ ማስረጃ የለም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፣ ሰው «ያመኛል» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ አስፍሯል።

ጎጃም ላይ ግን «ያመኛል» የሚለው ቃል ራሱ ቶሎ አይወጣም። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ከተኙት ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ሆዳቸው የተከፈተ አዛውንት ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ስበው ተኝተዋል። «አባቴ፣ ከአስር ስንት ያምዎታል?» ትላለች ነርሷ። «ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ።» ወዲያው ሳል ይመጣባቸዋል፤ እጃቸው ስፌቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ትንፋሻቸው ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ግንባራቸው በላብ ይርሳል። «ተመስገን» ውሸት አይደለም። ምስጋና ነው፤ ዜሮ ብሎ መመዝገብ ግን ስሕተት ነው።

ቁጥሩም ራሱ ያደናግራል። ትምህርት ቤት ለገባ ሰው ከአስር አስር ጎበዝ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ስለዚህ የቱ ወገን መጥፎ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው መልሱ ሊገለበጥ ይችላል። ለልጆች የተዘጋጁት ስድስት የፊት ሥዕሎችም ለሁሉም አይሆኑም፤ ትልቅ ሰው የሚያለቅሰውን ፊት «ይህ የኔ ነው» ብሎ ለመጠቆም ያፍራል።

ቋንቋው ግን ድሃ አይደለም። ይጠዘጥዘኛል፣ ይወጋኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ይቆጠቁጠኛል፤ እያንዳንዱ ሌላ ሕመም ነው። በሽተኛው ቁጥር ሲጠየቅ ዝም ይል የነበረው «እንዴት አድርጎ ነው የሚያምዎት?» ሲባል አፉን ይፈታል። ቁጥሩን ከዚያ በኋላ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዝምታው ብዙ ምክንያት አለው። ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ማመሙ የግድ ነው የሚል እምነት አለ። መድኃኒቱ ሱስ ይሆንብኛል፣ ነርሷንም አስቸግራለሁ የሚል ሐሳብም አለ። አንዳንዴ ደግሞ አስታማሚው ቀድሞ «ዛሬ ተሽሎታል» ብሎ ይመልሳል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፦ ሕመሙ ያልታገሠለት ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አክታውን አያወጣም፣ ተነሥቶ አይራመድም፤ ለሳንባ ምችና ለደም መርጋት ይጋለጣል። ተጋድሞ ሳለ 2 ያለ ሰው ቀና ሲል 8 ሊል ስለሚችል ጥያቄው ተኝቶ ሳለም፣ ሲያስለውም፣ ሲራመድም መቅረብ አለበት።

በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶች ደግሞ የራሳቸው መለኪያ አላቸው። ከዚያ በፊት አምጣ የወለደች እናት አስሩን ለምጥ ሰጥታዋለች፤ የስፌቱ ሕመም ስንት እንደሆነ ስትጠየቅ «ከምጡማ ምን አለው» ብላ 3 ትላለች፣ ሕፃኑን ለማጥባት ግን ወደ ጎኗ መዞር አልቻለችም።