ማርጌሪት ፔሬ፦ አክቲኒየም ስታጣራ ፍራንሲየምን ያገኘችው ኬሚስት

ማርጌሪት ፔሬ ፈረንሳዊት ኬሚስት ናት። በ1909 እ.ኤ.አ. ፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ቪልሞምብል ተወለደች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሟ የሚነሳው በ87ኛው ንጥረ ነገር፣ በፍራንሲየም ነው። ግኝቱ ግን በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አሥር ዓመት ገደማ አክቲኒየም የተባለ ራዲዮአክቲቭ (ጨረር የሚያወጣ) ንጥረ ነገር ስታጣራ የኖረች ሰው የእጅ ሙያ ነው ያመጣው።

ምኞቷ ሐኪም መሆን ነበር። አባቷ ሲሞት ቤተሰቡ ገንዘብ አጠረውና ምኞቱ ቀረ። በ1929 ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ቴክኒሻን ዲፕሎማ ያዘች። በዚያው ዓመት፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ በፓሪሱ የራዲየም ኢንስቲትዩት የማሪ ኩሪ ረዳት ሆና ተቀጠረች። የተሰጣት ሥራ አክቲኒየም ማጣራት ነበር።

አክቲኒየም እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንድሬ ዴቢየርን በ1899 ቢያገኘውም ለብቻው ነጥሎ ማውጣቱ ብዙ ሰው አታክቷል። በዩራኒየም ማዕድን ውስጥ ያለው መጠን ኢምንት ነው። ይባስ ብሎ በኬሚካዊ ጠባዩ ላንታነም ከተባለው ብረት ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ አንዱ በሄደበት ሌላው ይከተላል። ስለዚህ በአሲድ ማሟሟት፣ ማዝቀጥ፣ ማጣራት፣ ከዚያ እንደገና ማሟሟት ነው። በየዙሩ አክቲኒየሙ በጥቂቱ እየበዛ፣ ባዕዱ በጥቂቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሌላም ጣጣ አለ። ፔሬ ያጣራችው የአክቲኒየም ዓይነት፣ አክቲኒየም-227፣ ግማሽ ዕድሜው (የአቶሞቹ ግማሽ ፈርሶ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጥበት ጊዜ) 22 ዓመት ያህል ነው። ራሱ የሚያወጣው ቤታ ጨረር (የኤሌክትሮን ጨረር) ግን በጣም ደካማ ስለሆነ በዘመኑ መሣሪያ መለካቱ ያስቸግር ነበር። መሣሪያው የሚያየው በአብዛኛው ከእሱ የሚወለዱትን ነው። እነሱም ግማሽ ዕድሜው 19 ቀን ገደማ የሆነው ቶሪየም-227፣ ቀጥሎም 11 ቀን ገደማ የሆነው ራዲየም-223 እና ተከታዮቻቸው ናቸው። የአክቲኒየምን የራሱን ጨረር ማየት የፈለገ ሰው እነዚህን ጠራርጎ ማስወጣትና እንደገና ሳይጠራቀሙ መለካት አለበት። ዘገምተኛ እጅ እዚህ ቦታ የለውም።

ማሪ ኩሪ በ1934 ስታርፍ ፔሬ ሥራውን ከዴቢየርንና ከማሪ ልጅ ከኢሬን ዦሊዮ-ኩሪ ጋር ቀጠለች። ወሳኙ ነገር የተገለጠው በ1939 መጀመሪያ ነው። ተጣርቶ ገና ያለቀ አክቲኒየም ስትለካ ቤታ ጨረሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ቶሎ ቶሎ ጨመረና ረጋ። ቶሪየሙም ራዲየሙም በዚህ ፍጥነት አይመጡም። ታዲያ ይህ ምንድን ነው?

መልሱን በኬሚስትሪ ፈለገችው። አክቲኒየሙን አዝቅጣ ለየችና የቀረውን ሙሙት (ፈሳሽ) መረመረች። የሲዚየም ጨው ጨምራ ፐርክሎሬት በሚባል ጨው መልክ ክሪስታል ስታደርገው ጨረሩ ከሲዚየሙ ጋር አብሮ ወጣ። ግማሽ ዕድሜው 21 ደቂቃ አካባቢ ሆነ። ከሲዚየም ጋር የሚጓዝ ነገር ደግሞ የሲዚየም ዘመድ ነው፤ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ ላይ ከሲዚየም በታች ያለው 87ኛው ቦታ ያኔ ባዶ ነበር። ከመቶ የአክቲኒየም አቶሞች አንዱ ገደማ ቤታ ሳይሆን አልፋ ጨረር (ሁለት ፕሮቶን የያዘ ቅንጣት) ያወጣል፣ የአቶም ቁጥሩም ከ89 በሁለት ቀንሶ 87 ይሆናል። ሜንዴሌቭ አስቀድሞ የተነበየውን፣ ሌሎችም አገኘነው ብለው ያልጸናላቸውን ንጥረ ነገር ፔሬ ያዘችው። በዓይን የሚታይ ቅንጣት አልነበረም፤ ሚዛን ላይ የሚወጣም አልነበረም። ሁሉም የተሠራው ጨረሩን በመከተል ብቻ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ስትሠራ ዲግሪ አልነበራትም። ዶክትሬቷን ከሶርቦን ያገኘችው በ1946 ነው፤ ለንጥረ ነገሩ በአገሯ ስም ፍራንሲየም የሚለውን መጠሪያ ያቀረበችውም ያኔ ነበር። በ1949 ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ኬሚስትሪ ክፍልን እንድትመራ ተሾመች። በ1962 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ተባባሪ አባል ሆና ስትመረጥ በተቋሙ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ያው አካዳሚ በ1911 ማሪ ኩሪን አልመርጥም ብሎ ነበር።

ለሥራው የከፈለችው ዋጋ ከባድ ነው። ያ ትውልድ አክቲኒየምን ዛሬ ግዴታ የሆነው መከላከያ ሳይኖረው በእጁ ያገላብጥ ነበር። ፔሬ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በሕመም አሳልፋ በ1975 በካንሰር ሞተች።

ዛሬ ኬሚስቶች የሚሯሯጡት ለሌላው ወንድሙ፣ በክብደት ለሚለየው የአክቲኒየም ዓይነት ለአክቲኒየም-225 ነው። ግማሽ ዕድሜው 10 ቀን ገደማ ሲሆን የካንሰር ሕዋሳትን ለይቶ ለሚመታ ሕክምና እየተጠና ይገኛል። እሱም እንደ ፔሬው አክቲኒየም ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ተለይቶ፣ ሳያረፍድ ሆስፒታል መድረስ አለበት። በታማሚው ሰውነት ውስጥ አልፋ ጨረሩን አውጥቶ ሲፈርስ በመጀመሪያ የሚለወጠው ወደ ፍራንሲየም-221 ነው፤ የዚህ ግማሽ ዕድሜ 5 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።