አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ቁጥር፦ «ጠቅላላ» እና «ልዩ» ምን ማለት ነው?

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከአሳታሚ የሚደርሰው የአጠቃቀም ሪፖርት ለአንድ መጽሔት የተለያየ ቁጥር ይዞ ይመጣል። የቱን እንመን? ሁሉንም። የሚለያየው የሚቆጥሩት ነገር ነው።

አንዲት ተማሪ የአንድ ጽሑፍ አኅጽሮት አየች እንበል። ቀጥላ ሙሉውን ድረ ገጹ ላይ ከፈተች፣ ከዚያ ፒዲኤፉን አወረደች። ካውንተር በተባለው ዓለም አቀፍ የአቆጣጠር ደንብ 5ኛ እትም መሠረት፣ ሙሉ ጽሑፉን በሁለት መልክ ስላገኘች «ጠቅላላ ጥያቄ» (ሙሉ ጽሑፉ ስንቴ እንደተከፈተ ወይም እንደወረደ) 2 ነው። ጽሑፉ ያው ስለሆነ «ልዩ ጥያቄ» 1። አኅጽሮቱን ማየቷስ? እሱ «ምርመራ» ውስጥ ይገባል። ምርመራ ጥያቄዎቹንም ስለሚጨምር ጠቅላላው 3 ይሆናል።

ኢንተርኔቱ ተንቀራፎባት ያንኑ ሊንክ በ30 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ ብትጫን፣ አንድ ብቻ ይያዝላታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ልዩ» የሚለው ላይ ነው። የሰው ብዛት አይደለም! ያቺው ተማሪ በማግስቱ ያንኑ ጽሑፍ ብትከፍት እንደገና 1 ይቆጠራል፤ ድግግሞሹ የሚቀነሰው በአንድ ሴሽን (በአንድ የአጠቃቀም ጊዜ) ውስጥ ብቻ ነውና።

የአንድ አጠቃቀም ዋጋ (ለመጽሔቱ የተከፈለው ገንዘብ ለአጠቃቀሙ ቁጥር ተካፍሎ) ሲሰላ እኔ የምይዘው ልዩ ጥያቄን ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ ፒዲኤፉ ጋ ከመድረስዎ በፊት ሙሉ ጽሑፉን ራሱ ይከፍታል፤ ጠቅላላው ቁጥር በነጻ ያብጣል።