«ብቻዬን ካልሆንኩ አይመጣልኝም» ለሚሉ

ሥዕል አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር «እኔ ሰው መሀል መሥራት አይሆንልኝም፤ ስሜቱ ሲመጣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምሥለው» ይለኛል። ዜን ሜዲቴሽን (በዝምታ ቁጭ ብሎ ትንፋሽን የመከታተል የቡድሂስቶች ልምምድ) እንደምለማመድ የሰማ ደግሞ «እሱማ ብቻ ለብቻ ነው እንጂ!» ይላል። መልስ መስጠት ሰልችቶኛል፤ ሁለቱም ያው አንድ ስሕተት ነው።

የጃፓን ዜን ገዳማት ሰሺን የሚሉት ሱባኤ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ 7 ቀን ነው። ደወል ሲመታ ሁሉም አብሮ ይቀመጣል። 40 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። «ዛሬ ስሜቱ የለኝም» የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው ሱባኤዬ ሦስተኛ ቀን ጉልበቴ ሲነድ ጥዬ ልወጣ ቆርጬ ነበር። ከጎኔ ያለችው ሴት ምራቋን በጭንቅ ስትውጥ ሰማሁ። እሷንም አሟታል፤ ግን አልተነሣችም። እኔም ቀረሁ።

ክፍሌ ውስጥም የማየው ይህንኑ ነው። ሞዴሉ 20 ደቂቃ ይቀመጣል። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሥዕሉ የተበላሸ ይመስላል። ቤት ቢሆን ቡና ይፈላ ነበር። እዚህ ግን የጎረቤት ከሰል ወረቀቱ ላይ ሲፍቅ ይሰማል፣ እጅም ይቀጥላል። ቤቷ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሥዕል ያልጨረሰች ተማሪዬ፣ በአንድ ወር አራት ጨርሳለች።

ሜዲቴሽን «አእምሮን ባዶ ማድረግ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ሐሳብ ይመጣል፤ ወደ ትንፋሽ ትመለሳለህ፣ ሠዓሊ ዓይኑን ወደ ሞዴሉ እንደሚመልስ።

«የዜን ተቀማጮችን በዱላ ይመቷቸዋል፣ ቅጣት ነው»፦ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጠፍጣፋ እንጨት ለማንቃት ነው፤ በብዙ ቦታ ተቀማጩ ራሱ እጅ ነሥቶ ይጠይቀዋል።

«የቲቤት መነኮሳት በአሸዋ ማንዳላ ስሜታቸውን ይገልጻሉ»፦ ይሄ ያናድደኛል። ማንዳላ በባለቀለም አሸዋ የሚሠራ ቅዱስ ሥዕል ነው። ንድፉ ከጥንት የተወሰነ ነው፤ በቃል ይጠናል። በ1988 እ.ኤ.አ. የቲቤታውያኑ የናምግያል ገዳም መነኮሳት ኒውዮርክ ላይ ካላቻክራ የሚባለውን ማንዳላ ሲሠሩ ማንም የራሱን ቀለም አልመረጠም። ከመሀል ጀምረው፣ ጎን ለጎን አጎንብሰው ሥዕሉን ወደ ውጭ እያሰፉ ይሄዳሉ። አሸዋ የያዘውን ጎርባጣ የብረት ቀንድ በሌላ ብረት ሲፈገፍጉት አሸዋው እንደ ውሃ ቀጥኖ ይወርዳል። አንዱ ቢጣደፍ የሁሉም ሥራ ይበላሻል። ሲያልቅ ይጠረግና ወራጅ ውሃ ውስጥ ይፈስሳል።

ስለዚህ አንድ ሰው ፈልጉ። ቀን ቁረጡ፤ እኛ ማክሰኞ ማታ ነን። ስልክ በር ላይ ይቀመጥ፣ ወሬ አይኑር፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ማንም አይነሣ። ሥዕሉን መተያየት ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ነው።