የራስ ቆዳ ችፌ፦ ምንነቱ፣ መለያዎቹና አያያዙ

የራስ ቆዳ ችፌ ወይም ኤክዜማ የሚባለው ጸጉር የሚበቅልበት ቆዳ ተቆጥቶ የሚያሳክክበትና የሚቀረፍበት ሁኔታ ነው። የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የጋራ መጠሪያ ሲሆን፣ በሥሩም በዋናነት ሰቦሪክ ደርማታይተስ፣ አቶፒክ ደርማታይተስና የንክኪ ችፌ ይጠቃለላሉ። ሦስቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም፤ የንጽሕና ጉድለት ምልክትም አይደሉም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሕሙማን ትከሻቸው ላይ በሚረግፈው ቅርፊት እያፈሩ ጸጉራቸውን በጠንካራ ሳሙና ደጋግመው ስለሚፈትጉት፣ የተቆጣው ቆዳ ይበልጥ ይቆስላል።

ከሦስቱ በብዛት የሚታየው ሰቦሪክ ደርማታይተስ ነው፤ ፎረፎርም የዚሁ ችግር ቀለል ያለ መልክ ነው። በማንኛውም ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የተባለ እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል። ይህ ፈንገስ ከቆዳ የሚመነጨውን ወዝ እየሰባበረ ሲመገብ እንደ ኦሌይክ አሲድ ያሉ ቅባታማ አሲዶች ይተርፋሉ፤ ለእነዚህ ስሱ የሆነ ሰው ቆዳው ይቆጣል፣ የቆዳው ሕዋሳትም ከወትሮው ፈጥነው እየታደሱ ይረግፋሉ። ቅርፊቱ ብዙውን ጊዜ ወዛምና ወደ ቢጫ የሚያደላ ሲሆን፣ ከራስ ቆዳ አልፎ በቅንድብ፣ በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ጀርባና በደረት ላይም ይታያል። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ቀዝቃዛ ደረቅ አየር ያባብሱታል። የፓርኪንሰን በሽታ ወይም ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛትና በበረታ መልኩ ስለሚከሰት፣ ድንገት የተነሣና ለሕክምና እምቢ ያለ ችፌ ተጨማሪ ምርመራ ይገባዋል።

አቶፒክ ደርማታይተስ አብዛኛውን ጊዜ ከልጅነት የሚጀምርና በቤተሰብ ውስጥ አስም ወይም ሌላ አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚያዘወትር ሲሆን፣ ቆዳው ደረቅ፣ ማሳከኩም እንቅልፍ የሚነሣ ነው። የንክኪ ችፌ ግን ለየት ያለ ጠባይ አለው። የራስ ቆዳ ወፍራም በመሆኑ፣ በጸጉር ቀለም ወይም በሻምፖ ምክንያት የሚመጣ አለርጂ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው ከራስ ቆዳው ይልቅ በጆሮ፣ በአንገት፣ በግንባርና በዐይን ቆብ ላይ ነው። ጸጉሩን ጥቁር ቀለም የተቀባ ሰው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ዐይኑ አብጦ ጆሮው ውኃ ቢቋጥር፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ፒፒዲ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የቀለሙ ንጥረ ነገር ነው። ሽቶና የመዋቢያ ማቆያ ኬሚካሎችም እንዲሁ ያስቆጣሉ። አስቆጪውን ለይቶ ለማወቅ የቆዳ ሐኪም የተጠረጠሩትን ነገሮች በጀርባ ላይ ለጥፎ ከ48 ሰዓት በኋላ ያነሣል፤ ውጤቱንም ያኔና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በድጋሚ ያነባል።

ችፌ የሚመስል ሁሉ ችፌ አይደለም። ሶርያሲስ የተባለው ሌላ የቆዳ በሽታ ወፈር ያለ፣ ብርማ ቅርፊት ያለውና ዳርቻው ጥርት ብሎ የሚለይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከጸጉሩ መስመር አልፎ ወደ ግንባር ይወጣል። ይበልጥ አሳሳቢው ስሕተት ግን ቆረቆርን፣ ማለትም የራስ ቆዳና ጸጉርን የሚያጠቃውን የፈንገስ በሽታ፣ ችፌ ብሎ ማከም ነው። በልጅ ራስ ላይ ጸጉሩ ከሥሩ እየተሰበረ የሳሳ ቦታ ከታየና ከማጅራት በላይ ንፍፊት ከተዳሰሰ፣ ቆረቆር መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል፤ ተላላፊ ነው፣ እንደ ግሪሶፉልቪን ወይም ተርቢናፊን ያለ የሚዋጥ መድኃኒትም ይፈልጋል። የቆዳ ቁጣን በሚያበርደው ስቴሮይድ በተባለው መድኃኒት ብቻ ሲታከም መቅላቱ ለጊዜው ይደበዝዝና ፈንገሱ ይስፋፋል።

ሰቦሪክ ደርማታይተስ ይገታል እንጂ ጨርሶ አይነቀልም። የተለመደው ሕክምና ፈንገስን የሚገታው ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለበት ሻምፖ ሲሆን፣ ለ2 እስከ 4 ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም እንዳያገረሽ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ይታጠቡበታል። ሴሊኒየም ሰልፋይድና ዚንክ ፓይሪቲዮን ያላቸው ሻምፖዎችም ያገለግላሉ። ሕክምናው አልሠራ ከሚልባቸው ምክንያቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አጠቃቀሙ ነው፤ ሻምፖው ጸጉሩን አረፋ አስደፍቆ ወዲያው ሲታጠብ ቆዳው መድኃኒቱን አያገኝም። ጸጉሩን በጣት እየከፈሉ ቆዳው ላይ ማዳረስ፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ በቀስታ ማሸት፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ቅርፊቱ የጋገረ ከሆነ አዋቂዎች አስቀድመው ሳሊሲሊክ አሲድ ባለው ዝግጅት ሊያለሰልሱት ይችላሉ።

ማሳከኩ ሲበረታ ሐኪም በፈሳሽ ወይም በአረፋ መልክ የተዘጋጀ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ያዛል። ያለ ክትትል ሲራዘም ቆዳን ስለሚያሳሳ፣ ባገረሸ ቁጥር በራስ ፈቃድ መቀባት አይገባም። ሰቦሪክ ደርማታይተስን የወይራ ዘይት በመቀባት ለማስታገስ የሚደረገው ሙከራም ጥንቃቄ ይሻል፤ ዘይቱ ለማላሴዚያ ምግብ ይሆነዋልና።

በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በምትኩ ከአካባቢው የነጣ ወይም የጠቆረ ምልክት ይታያል፤ ቁጣው በሕክምና ሲረግብም መልኩ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ጸጉር በመድኃኒት ሻምፖ ቶሎ ስለሚደርቅና ስለሚሰበር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብና ከዚያ የጸጉሩን ዘለላ ብቻ በማለስለሻ መቀባት ይመረጣል። በጨቅላዎች ራስ ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጋገረው ቢጫ ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል፤ በማለስለሻ ቅባት አርሶ በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት እንጂ መፈልፈል አያስፈልግም።

ቆዳው መግል ከያዘ፣ ማር የመሰለ ቅርፊት ከጋገረ ወይም ትኩሳት ከተከተለ ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ማየት አለበት። አቶፒክ ደርማታይተስ ባለበት ሰው ላይ በድንገት የሚወጡ፣ የተጠጋጉና የሚያሙ ውኃ የቋጠሩ ፍንጣቂዎች ደግሞ የሄርፒስ ቫይረስ መስፋፋትን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋሉ።